አፉ አረንጓዴው ማድጋ

«ኖራውን አወፍሪው። ወተት አስመሰልሽው» አሉ እማማ ያቭዶኻ ከመሰላሉ ላይ ሆነው።

የልጅ ልጃቸው ኪሊና እጅጌዋን ሰብስባ ባልዲው ውስጥ ያለውን ኖራ በእንጨት ማማሰሏን ቀጠለች። ቤት መቀባት ለእሷ አዲስ ነገር አልነበረም፤ የሎዞቬ መንደር ሴቶች በየዓመቱ ለፋሲካ ቤታቸውን ነጭ ያለብሳሉ። አሁን ግን ፋሲካ አይደለም። የፖም ቅጠል እየረገፈ ነው፤ ቤቱም ከነገ ወዲያ ይፈርሳል። ታች ድኒፕሮ ወንዝ ላይ የሚሠራው ግድብ ሊያልቅ ነው፤ በጸደይ ወንዙ ወደ ኋላ ተመልሶ ሜዳውንም መንደሩንም መቃብሩንም ሊተኛበት ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም ሰው የገዛ ቤቱን እንዲያፈርስ፣ የገዛ ዛፉን ከሥሩ እንዲቆርጥ ታዟል። የገዛ ጉድጓድህን ቆፍር እንደ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው በስብሰባ ላይ በጭብጨባ መጽደቁ ነው።

ፓናስ በትራክተሩ ሲያልፍ አጥሩ አጠገብ አቆመ። የኅብረት እርሻው ትራክተር ነጂ እሱ ነው፤ ሰውን ወደ አዲሱ ሰፈር የማጓጓዙንና ቦታ የማደሉንም ሥራ ለእሱ ሰጥተውታል። መሰላሉን አየ፣ ባልዲውን አየ፣ ቆቡንም ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«እማማ ያቭዶኻ፣ ለዓሣዎቹ ነው የሚያሳምሩት?»

«ሬሳም ታጥቦ ነው የሚወጣው። አንተ ያንን የብረት በሬህን ንዳ።»

«እኔማ ከነገ ወዲያ በዚሁ በሬ ይህንኑ ግድግዳ ልጎትተው ነው። ልፋትዎ አሳዝኖኝ ነው።»

«ለራስህ እዘን። የአንተ ሚስት ቤቷን ከነጥላሸቱ ለውኃ ልትድረው ነው፤ መንደሩ ሁሉ እያየ።»

ፓናስ ሳቀና ሄደ። አያቷ ግን አልሳቁም። የመጨረሻውን ጥግ ሁለት ጊዜ ደጋግመው ቀቡና ከመሰላሉ ወረዱ፤ ከዚያም ወገባቸውን ይዘው ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩ። ኪሊናም አየችው። ያማረ ነጭ ነበር፤ ማማሩ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«በይ አሁን እጅሽን ታጠቢና አካፋውን ይዘሽ ታች ውረጂ» አሉ አያቷ። «ድንበሩ ላይ ከበቀሉት የቼሪ ችግኞች የተሻሉትን መርጠሽ ንቀይልኝ። አዲሱ ሰፈር ራሰ በራ ነው አለች ቀድማ የሄደችው እናትሽ፤ አንድ ዛፍ እንኳ የለውም።»

«እሺ አያቴ።»

«ያቺ ሴትዮ ብታናግርሽ እንዳትመልሺላት።»

«አልመልስላትም።»

«የልጅ ልጇም ብትሆን።»

«አውቃለሁ እኮ፣ አያቴ።»

«ያቺ ሴትዮ» የድንበር ጎረቤታቸው እማማ ቶዶስካ ናቸው። በኪሊና ቤት ስማቸው ተጠርቶ አያውቅም። ለምን እንደማይጠራ ኪሊና ያወቀችው ገና ማንበብ ሳትማር ነው።

የረሃቡ ዓመት ነበር። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ በሎዞቬ ግን ሽማግሌው ሁሉ ዕድሜውን የሚቆጥረው በእሱ ነው። ከወረዳ የተላኩ ሰዎች ሹል ብረት ይዘው በየቤቱ እየገቡ ወለሉን፣ ምድጃውን፣ የጓሮውን አፈር እየወጉ የተደበቀ እህል ይፈልጉ ነበር። የኪሊና አያት ኦኽሪም አንድ ማድጋ ስንዴ ቀበሩ። ማድጋው ያቭዶኻ ሲዳሩ ከእናታቸው የተሰጣቸው ነው፤ አፉ ዙሪያውን አረንጓዴ ቀለም ነበረው። ኦኽሪም ለሚስታቸው የነገሯቸው ይህን ብቻ ነው፦ «ወንዙን በሚያየው የአጥር ማዕዘን ሥር ነው። እስከ ጸደይ እንዳትነኪው።» ብዙም ሳይቆይ ኦኽሪምን ወሰዷቸው፤ በዚያው ቀሩ።

ብርዱ ሲጠና ማገዶ አለቀ። ያቭዶኻ ከአኻያ ዘንግ የተጎነጎነውን አጥር እየነቀሉ ምድጃ ውስጥ ከተቱት፤ ልጅ ከሚበርደው አጥር ቢጠፋ ይሻላል። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ወንዙ እንደ ልማዱ ሞልቶ ወጣና የታችኛውን ጓሮ በደለል ለበጠው። ውኃው ሲጎድል ያቭዶኻ ወረዱ፤ «ማዕዘኑ እዚህ ጋ ነበር» ያሉበትን ቆፈሩ። አፈሩ ቀድሞ የተነካ፣ የላላ ነበር። ከሥሩ ምንም አልነበረም።

ሳቭካ አምስት ዓመቱ፣ ዩርኮ ሦስት ዓመቱ ነበር። በዚያው ጸደይ ተከታትለው ሞቱ፤ የተረፈችው ትልቋ፣ የኪሊና እናት፣ ብቻ ናት። ከድንበሩ ማዶ ግን የቶዶስካ ምድጃ ይጨስ ነበር፤ የቶዶስካ ልጆችም ሁለቱም ተረፉ። ቶዶስካ ከወንዙ ዳር የሸምበቆ ሥር እየነቀሉ፣ ዛጎል እየለቀሙ እንደቀቀሉላቸው ተናገሩ፤ ያመናቸው የለም። ያቭዶኻ በሰው ፊት «ማድጋዬን መልሺ» አሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቶዶስካ በመንደሩ «ማድጋ» ተብለው ቀሩ።

የልጅ ልጃቸው ኡልያና ከኪሊና ጋር አንድ ክፍል ነው የምትማረው። ጠዋት ክፍል ስትገባ ወንዶቹ ጠረጴዛውን በጣታቸው ይደበድባሉ፤ ባዶ ማድጋ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ነው። መምህሩ ይቆጣሉ፣ ወንዶቹ ያቆማሉ፣ በማግስቱ እንደገና ይደበድባሉ። ኪሊናም ትንሽ ልጅ ሳለች ደብድባ ታውቃለች።

ድንበሩ ማንም የማያርሰው ጠባብ የሣር መሬት ነው። ከጦርነቱ በኋላ አዲሱ አጥር ሲታጠር ውኃ እንዳይደርስበት ወደ ላይ ፈቀቅ ተደርጎ ስለነበር፣ ያ ቦታ ባለቤት አልባ ሆኖ ቼሪ በገዛ እጁ ይበቅልበታል። ኪሊና ሦስት ችግኝ ነቀለች። አራተኛው ትንሽ ወፈር ያለ፣ ቀጥ ያለ ነበር፤ ይህን አያቴ ይወዱታል ብላ ዙሪያውን ቆፈረች። አልነቀል አለ። ጎተተችው፤ አሁንም እምቢ አለ። አካፋውን በእግሯ ረግጣ ወደ ታች ስትሰደው ድንጋይም እንጨትም ያልሆነ ነገር ላይ አረፈ።

ተንበርክካ አፈሩን በእጇ ጠረገችው። የቼሪው ሥር አንድ ክብ የሸክላ ነገር እንደ ሕፃን አቅፎ ይዟል። በአውራ ጣቷ ጠርዙን ፈተገችው። ከጭቃው ሥር አረንጓዴ ወጣ።

አፉ በእንጨት ክዳን ተገጥሞ፣ ክዳኑ ዙሪያውን በጭቃና በሰም ተለጥፎ ነበር። ልጥፉ አንድም ቦታ አልተነካም። በአካፋው ጫፍ ሰበረችው። ውስጡ ስንዴ ነው፤ እንደ ከሰል ጠቁሯል፣ ተጋግሯል፤ እስከ አፉ ድረስ ሙሉ ነው። የሻጋታና የቆየ ምድር ቤት ሽታ ፊቷን መታት።

አያቷ ሁልጊዜ በጣታቸው የሚያሳዩትን የዚያን ጊዜውን ጉድጓድ ቦታ ዞር ብላ አየች። ከእሱ እስከዚህ ያለው ርቀት አንድ ጋሪ በቅጡ አያቆምም። ሌባ አልነበረም። አፈሩ እንዲላላ ያደረጉት በሹል ብረት ሲወጉ የነበሩት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም አላገኙትም። አያቷ ደግሞ ማዕዘኑን የሚያሳያቸውን አጥር በገዛ እጃቸው አንድደውት ስለነበር ቦታውን ሳቱት። ልጆቹ የሞቱት ከዚህ ሙሉ ማድጋ ጥቂት እርምጃ ርቀው ነው።

«ምን አገኘሽ?»

ኡልያና ናት። መጥረቢያ ይዛ ከድንበሩ ማዶ ቆማለች፤ ጸጉሯ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ተሰክቷል። ኪሊና ቀሚሷን ዘርግታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች።

«ድንጋይ ነው።»

«ለድንጋይ ነው ፊትሽ እንዲህ አመድ የመሰለው?»

«አንቺ ምን አገባሽ?»

«ምንም» አለች ኡልያና ትከሻዋን ነቅንቃ። «መቼ አግብቶኝ ያውቃል?»

ኡልያና ስትሄድ ኪሊና አፈሩን መልሳ ከደነችው። አራተኛውን ችግኝ ሥሩን ቆርጣ ተወችው።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ የመንደሩ ሰው በየደጁ እየዞረ ይቅርታ መጠያየቅ ጀመረ። ይህ በዐቢይ ጾም ዋዜማ እንጂ በዚህ ወቅት የሚደረግ ወግ አይደለም፤ ማንም አላዘዘም፣ ማንም አላስተባበረም፣ ግን እንደዚያ ሆነ። ሰው የተወለደበትን አፈር ለቆ ሲሄድ ባዶ እጁን መሄድ ቢችልም ከነቂሙ መሄድ ይከብደዋል። «ይቅር በይኝ» ይላል አንዱ፤ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፣ አንተም ይቅር በለኝ» ትላለች ሌላዋ። ፓናስ ሳይቀር መጣና ቆቡን አውልቆ ስለ ቀልዱ ሁሉ ይቅርታ ጠየቀ፤ እማማ ያቭዶኻም ይቅር አሉትና አግዳሚው ላይ አጠገባቸው አስቀመጡት።

ከዚያ እማማ ቶዶስካ መጡ። በሩን አልገፉም፤ ውጭ ቆመው የጎበጠ ጀርባቸውን በምርኩዝ ደግፈው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ኪሊና በሕይወቷ ሙሉ ይህን ያህል ሲቀርቡ አይታቸው አታውቅም።

«ያቭዶኻ» አሉ። «ይቅር በይኝ።»

«ማድጋዬን አምጪና ይቅር እልሻለሁ።»

«ማድጋሽን አላየሁትም። ያኔም ነገርኩሽ፤ ዛሬም እነግርሻለሁ።»

«ካልወሰድሽ ስለ ምኑ ነው ይቅር የምልሽ?»

እማማ ቶዶስካ ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ልጆቼ ስለተረፉ» አሉ።

ፓናስ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እማማ ያቭዶኻ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል» አለ።

«የሰረቀችው እሷ፤ ምክሩ ለእኔ» አሉ አያቷ። «በሩ ክፍት አይደለም። መንገዱ ክፍት ነው።»

ኪሊና ደጃፉ ላይ የፖም ቅርጫት ታቅፋ ቆማ ነበር። ቃሉ ጥርሷ ድረስ መጣ። አንድ ጊዜ አፏን ከፈተች፤ አያቷን አየቻቸው፤ መልሳ ዘጋችው። እማማ ቶዶስካ ምርኩዛቸውን እያስቀደሙ ሲመለሱ ኡልያና መንገዱ ዳር ጠብቃ ክንዳቸውን ያዘች፤ ወደ ኋላዋም አልዞረችም።

እራት የቀይ ሥር ሾርባ ነበር። አያቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡና ሳይጠየቁ ማውራት ጀመሩ።

«ሳቭካ መጨረሻ ላይ ዳቦ መለመኑን ትቶ ነበር» አሉ። «ምድጃው ላይ ተኝቶ 'እማዬ፣ ስንዴውን አገኘሽው?' ይለኛል። አላገኘሁትም እለዋለሁ። 'በደንብ ስላልፈለግሽ ነው' ይለኛል። አምስት ዓመቱ ነው እኮ። በደንብ ስላልፈለግሽ ነው ብሎኝ ሞተ።»

ኪሊና የቆረሰችውን ዳቦ መልሳ አስቀመጠች።

«ያቺ ሴት ባትወስደው ኖሮ አገኘው ነበር» አሉ አያቷ ማንኪያውን መልሰው እያነሱ። «ይህን ስለማውቅ ነው ሌሊት እንቅልፍ የሚወስደኝ። ብዪ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ።»

ኪሊና ያን ሌሊት ከወዲያ ወዲህ ስትገላበጥ አደረች። ብትናገር አያቷን ትገድላለች። ባትናገር ደግሞ ገዳይ አትባልም፤ ግን ሌላ ሰው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲሞት እያየች ዝም ልትል ነው። ሊነጋጋ ሲል ተነሣች፣ ወደ ድንበሩ ወረደች፣ አንድ እፍኝ ስንዴ በሻሿ ቋጠረችና ዕድሜዋን ሙሉ አልፋው የማታውቀውን ድንበር ተሻገረች።

እማማ ቶዶስካና ኡልያና ትልቁን የፖም ዛፍ ቆርጠው ጨርሰው ቅርንጫፉን እየመለመሉ ነበር። ኡልያና ቀና ብላ ስታያት መጥረቢያውን ዝቅ አደረገች።

«ክፉ ነገር አለ?» አሉ እማማ ቶዶስካ።

ኪሊና ሻሿን ጉቶው ላይ ፈታች። «ድንበሩ ላይ አገኘሁት። ከትናንት ወዲያ። አፉ አረንጓዴ ነው።»

እማማ ቶዶስካ አንድ ጥቁር ፍሬ አንስተው መዳፋቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ ከሻሹ ጎን ጉቶው ላይ ተቀመጡ።

«ክዳኑስ?»

«እንደተለጠፈ ነበር። እኔ ነኝ የሰበርኩት።»

«እግዚኦ» አሉ አሮጊቷ በሹክሹክታ። «ምስኪን ያቭዶኻ። ምስኪን።»

ኡልያና መጥረቢያውን ወረወረችው። «ምስኪን? እሷ ናት ምስኪን? ኪሊና፣ ነይ፣ አሁኑኑ ሄደን ለሁሉም እናሳይ።»

«የትም አትሄዱም» አሉ እማማ ቶዶስካ። «ልጄ፣ መልሰሽ ቅበሪው። ውኃው ይሸፍነዋል።»

«አያቴ!»

«ዝም በይ። እኔ ይህን ስም ለምጄዋለሁ፤ እንደ ጉብጠቴ ነው፣ ከእኔ ጋር ይተኛል፣ ከእኔ ጋር ይነሣል። ያቭዶኻ ግን ምን ይዛ ትኖራለች? እኔን ይዛ ነው እዚህ የደረሰችው። እኔን ከቀማችኋት የሚቀራት የገዛ እጇ ብቻ ነው። ሁለት ልጅ የቀበረ ሰው ላይ ሌላ ድንጋይ አይጫንም። ሆድ ይፍጀው።»

«የእርስዎ ሆድ ይፍጀው። የእኔስ?» አለች ኡልያና። «እኔ አልለመድኩትም። አዲሱ ሰፈር አዲስ ትምህርት ቤት አለ፤ ጠረጴዛ ግን እዚያም አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉኝ ኖሩ፤ ይኸው ጠራ፣ እሱንም ለውኃ ስጡት ይሉኛል።»

ወደ ኪሊና ዞረች።

«አንቺስ ለምን መጣሽ? ልትናገሪ ካልሆነ ለምን አሳየሽን? 'ድንጋይ ነው' ብለሽኝ አልነበር? እሱ ይሻለኝ ነበር።»

ኪሊና ሻሿን ቋጠረች፤ ሁለት ጊዜ ተፈታባት።

በዚያው ዕለት ረፋድ ላይ የእማማ ያቭዶኻ ቤት ፈረሰ። የጣሪያውን ሣር ሰዎች በመንሽ አወረዱት፤ ግድግዳውን ፓናስ በሰንሰለት አስሮ ጎተተው። ግድግዳው አንድ ጊዜ ጮኸና በጉልበቱ ወደቀ። አዲሱ ኖራ እንደ ዱቄት ተነሥቶ የሰዉን ትከሻ አለበሰ። እማማ ያቭዶኻ አላለቀሱም፤ ሻሻቸውን አጠበቁና ጋሪው ላይ ወጥተው በአልጋውና በችግኞቹ መካከል ተቀመጡ። መንገዱ ላይ የሚሄዱ ጋሪዎች ተሰልፈዋል፤ የእማማ ቶዶስካም አንድ ፍየልና ጥቂት እንጨት ያለበት ጋሪ ከኋላ ነው።

ፓናስ የትራክተሩ ጎማ ላይ ቆሞ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ስሙኝማ። እዚያ ስትደርሱ እንዳትጣሉ። ቦታው እንደ ድሮው ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጎን ይሰፍራል። ወንዝ ዳር ያለው ወንዝ ዳር፣ ማለቴ፣ ወንዝ እንኳ የለም።»

«እኔ ከዚያች ሴት ጎን አልሰፍርም» አሉ እማማ ያቭዶኻ ከጋሪው ላይ።

«እማማ፣ ሌላ ቦታ የለም። የተረፈው ገደሉ አፍ ላይ ያለው ነው። እዚያ ደግሞ የውኃ ጉድጓድ የለም፤ ከመንደር ዳር እስከ ዳር መመላለስ ነው።»

«እሷ ትሂድበት። እኔ ውኃ እስኪበላኝ እዚሁ እቀመጣለሁ እንጂ አንድ አጥር አልጋራም።»

ፓናስ ጭንቅላቱን አከከ። «ከእማማ ቶዶስካ ጎን ለመስፈር ቦታውን የሚለዋወጥ አለ?»

ሰው ሁሉ ጫማውን አየ። ትናንት በየደጁ ይቅርታ ሲጠያየቅ ያመሸ ሰው ነው። ከመሐል አንድ ሰው «የማድጋ ጎረቤት ማን ይሆናል፣ ዱቄቱ እየጎደለ» አለ፤ ሁለት ሦስት ሰዎችም ሳቁ።

«ገደሉ አፍ ላይ እሰፍራለሁ» አሉ እማማ ቶዶስካ። «ውኃ መቅዳት አያቅተኝም።» ይህን ሲሉ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ኡልያና የፍየሉን ገመድ እያሰረች ነበር። ያቭዶኻን አላየችም፣ የሳቁትንም አላየችም። ያየችው ኪሊናን ነው።

«እንግዲያው ተስማምተናል?» አለ ፓናስ። «ልንነሣ ነው።»

ኪሊና ወደ ጋሪው ሄደች። የአያቷን ጉልበት ነካ አደረገች።

«አያቴ፣ ትንሽ ይውረዱ።»

«ምን ረሳን?»

«ታች ድንበሩ ላይ የማሳይዎት ነገር አለ።»

«ሰው እየጠበቀ ነው። ምንድን ነው?»

ኪሊና ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። «የእናትዎ ማድጋ።»

የአሮጊቷ ፊት በራ። ኪሊና አያቷን እንዲህ ደስ ብሏቸው አይታቸው አታውቅም፤ ያስጠላትም ያሳዘናትም ይኸው ነው። ጎንበስ ያለው ወገባቸው ቀጥ አለ።

«አልኩ አይደለም?» አሉ። «ድንበሩ ላይ ቀብራዋለች። እህሉን በልታ ባዶውን ቀብራዋለች። ፓናስን ጥሪው። ሁሉም ይምጣና ይይ።»

ኪሊና ሊያመለክቱ የዘረጉትን እጃቸውን ያዘች። «አይጥሩት። ሁለታችን ብቻ እንሂድ።»

«ለምን?»

ኪሊና የያዘችውን እጅ አጠበቀች። አያቷ ዓይኗን አዩት። ፈገግታው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ወረደ፤ የያዘችው እጅም በመዳፏ ውስጥ ቀዘቀዘ። ሲናገሩ ድምፃቸውን ከኪሊና በቀር ማንም አልሰማውም።

«ባዶ ነው፣ አይደል?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ባዶ ነው ብትል አያቷ በድል ወደ አዲሱ ሰፈር ይወጣሉ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ በጸደይም ውኃው ይመጣል። ከእንግዲህ ወርዶ የሚያይ ሰው የለም። ኪሊና ወደ ኋለኛው ጋሪ አየች። ኡልያና ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።

«ሙሉ ነው» አለች።

እማማ ያቭዶኻ በእግራቸው የጋሪውን መርገጫ ፈለጉ፤ ሳቱት፤ እንደገና ፈለጉ። ኪሊና በሁለት እጇ ደግፋ አወረደቻቸው። ክንዷን የያዙት ጣቶች ሥጋዋ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ጠበቁ፤ እሷም አላስለቀቀችም። በወደቀው ነጭ ግድግዳ አጠገብ አልፈው ወደ ጓሮው ቁልቁለት ጀመሩ። ፓናስ የተባለውን ባይሰማም የትራክተሩን ሞተር አጠፋ።